የአደራ ልጅ፦ በካቶሊክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሪውን እምነትና ትምህርት ስለ መደገፍ



በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ በሸሕዲና በአካባቢዋ፣ የትምህርት ዘመን የሚከፈትበት ወራት ለወላጅ ቀላል ወራት አይደለም። መስከረም ጠብቶ የትምህርት ቤቱ ደወል በሚደወልበት ሰሞን በማሳው ላይ ሰሊጡ ይደርሳል። ሰሊጥ ደግሞ ቀን አይሰጥም፤ ከደረሰ በኋላ ቶሎ ካልታጨደ የፍሬው ሽፋን ተከፍቶ ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል። በእነዚሁ ወራት የወባ በሽታ ይበረታል። ስለዚህ ልጁ ደብተሩን ይዞ ወደ ክፍል ሊገባ ሲነሣ አጨዳው በአንድ በኩል፣ ሕመሙ በሌላ በኩል ወደ ኋላ ይስቡታል። ይህን ሁሉ ተቋቁሞ ልጁን ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ምናልባትም ከቤቱ ርቆ ወዳለ ከተማ የሚልክ ወላጅ ትርፍ ጉልበት ኖሮት አይደለም። የቤቱን ጉልበትና ተስፋ አንድ ላይ አሳልፎ መስጠቱ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለው ልጅ በካቶሊክ ትምህርት ቤት ደጃፍ ሲቆም ወላጁ አደራ ብሎ የሰጠን ምንድን ነው? የልጁን አእምሮ ብቻ ነውን? ወይስ እምነቱንም ጭምር? እምነቱስ ከእኛ እምነት የተለየ ሲሆን አደራው ይቀንሳልን? በዚህ ጽሑፍ የምናጠናው ይህንኑ ጥያቄ ነው።

ጥያቄው ለእኛ የሩቅ ጥያቄ አይደለም። የሸሕዲና የመተማ ምድር የሚገኘው በባሕር ዳር ደሴ ሀገረ ስብከት ክልል ውስጥ ነው። ሀገረ ስብከቱ በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ዘመን፣ ጥር 11 ቀን 2007 ዓ.ም. በጥምቀት ዕለት፣ ከአዲስ አበባ ተከፍሎ የተመሠረተ ነው። ምድሩ ሰፊ ነው፤ ካቶሊካውያን ምእመናን ግን ጥቂቶች ናቸው። በመላ ኢትዮጵያም ቢሆን ካቶሊካውያን ከሕዝቡ አንድ በመቶ እንኳ አይሞሉም፤ በካቶሊክ ትምህርት ቤቶች የሚማሩት ልጆች አብዛኞቹ የሌላ እምነት ልጆች ናቸው። ስለዚህ በአገራችን ስለ ካቶሊክ ትምህርት ቤት ማሰብ ማለት የኦርቶዶክሱን፣ የሙስሊሙን፣ የወንጌላዊውንና የካቶሊኩን ልጅ በአንድ ክፍል አስቀምጦ ስለ ማስተማር ማሰብ ማለት ነው።

፩. ጌታችን እንደ ተማሪ

ወንጌላዊው ሉቃስ በምዕራፍ 2 እንደሚነግረን፣ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለ በቤተ መቅደስ በመምህራን መካከል ተገኘ። በዚያም ሁለት ነገር ያደርግ ነበር፤ ይሰማቸው ነበር፤ ይጠይቃቸውም ነበር። ከዚያ በኋላ ከወላጆቹ ጋር ወደ ናዝሬት ተመልሶ ይታዘዛቸው ነበር። ወንጌላዊው ታሪኩን ሲፈጽም በጥበብም፣ በቁመትም፣ በእግዚአብሔርና በሰውም ፊት በሞገስ ማደጉን ይመሰክራል።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? በመጀመሪያ፣ መስማትና መጠየቅ የማይለያዩ መሆናቸውን ነው። በእኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚጠይቅ ልጅ ደፋር፣ ዝም የሚል ልጅ ጨዋ ይባላል። ነገር ግን ተማሪውን ሰሚ ብቻ አድርጎ የሚያሳድግ ትምህርት ቤት የትምህርቱን ግማሽ አስቀርቶበታል። ሳይሰማ የሚጠይቅም እንዲሁ ግማሹን አጥቷል። ሁለተኛ፣ ዕድገቱ አንድ መሆኑን ነው። ጥበቡ ለብቻ፣ ሞገሱ ለብቻ አላደገም። እንግዲያውስ ሂሳብና ሳይንስ የመምህራን ድርሻ፣ ጸሎትና ግብረ ገብ የካህናት ድርሻ ናቸው ብሎ ልጁን ለሁለት መክፈል ከወንጌሉ ጋር አይስማማም።

፪. የአባቶቻችን ምስክርነት

በአገራችን የካቶሊክ ትምህርት ሲነሣ ሁለት ስሞች አብረው ይነሣሉ። እነርሱም ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያኮቢስ፣ በአገራችን አጠራር አቡነ ያዕቆብ፣ እና ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ናቸው።

አቡነ ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ1839 ወደ ዓድዋ ሲገቡ ከሁሉ አስቀድመው የሠሩት ሥራ መማር ነበር። ቋንቋውን ተማሩ፤ የሕዝቡን አኗኗር ተቀበሉ፤ የግእዙን ሥርዓተ አምልኮ አከበሩ። ለማስተማር የመጣው ሰው በመጀመሪያ ተማሪ ሆነ። አባ ገብረ ሚካኤል ደግሞ የጎጃም ተወላጅ፣ የመርጡለ ማርያም ገዳም ፍሬ፣ በጎንደርም የታወቁ ሊቅ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ግብፅ ከሄደው መልእክት ጋር ሲጓዙ ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ ተጠግቶ ነበር፤ ከዚያም ሮምንና ኢየሩሳሌምን አዩ። ብዙ ሰው ዕውቀቴ ይበቃኛል በሚልበት ዕድሜ እርሳቸው ገና ይጠይቁ ነበር። በኋላም በጓላ በተከፈተው ትምህርት ቤት ወጣቶችን አስተማሩ፤ ለተማሪዎቻቸውም የግእዝን ሰዋስው አዘጋጁ።

መጨረሻቸው ግን በሰላም አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ1854 ሁለቱም በጎንደር ታሠሩ። አቡነ ያዕቆብ ወደ ሱዳን ጠረፍ አቅጣጫ ተወስደው ከአገር እንዲወጡ ተደረገ። አባ ገብረ ሚካኤል ደግሞ ኅሊናቸው ያመነበትን እንዲክዱ በብርቱ ቢገደዱም እምቢ ብለው፣ በሰንሰለት እንደታሠሩ እ.ኤ.አ. በ1855 አረፉ። ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1926 አባ ገብረ ሚካኤልን ብፁዕ፣ እ.ኤ.አ. በ1975 ደግሞ አቡነ ያዕቆብን ቅዱስ ብላ አውጃለች።

ይህን ታሪክ የምናስታውሰው ያለፈ ቂም ለመቀስቀስ አይደለም። የዚያ ዘመን ሰዎች ሁሉ፣ ከየትኛውም ወገን ይሁኑ፣ ሃይማኖትና መንግሥት በማይለዩበት ዓለም ይኖሩ ነበር። የምናስታውሰው ለራሳችን ትምህርት እንዲሆነን ነው። የእምነት አባቶቻችን መከራ የተቀበሉት ኅሊና በግድ መታጠፍ የለበትም ብለው ከሆነ፣ የእነርሱ ልጆች የሚያስተዳድሩት ትምህርት ቤት የአንድን ልጅ ኅሊና ሊያስገድድ አይችልም። በሰንሰለትም ሆነ በስጦታ፣ በቁጣም ሆነ በነጻ የትምህርት ዕድል ማባበል ቢሆን፣ ማስገደድ ማስገደድ ነው።

፫. የቤተ ክርስቲያን ትምህርትና የአገሪቱ ሕግ

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት ያወጣው መግለጫና ክርስቲያን ካልሆኑ ሃይማኖቶች ጋር ስላለን ግንኙነት ያወጣው መግለጫ የታወጁት በአንድ ቀን፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 28 ቀን 1965 ነው። ቀኑ መግጠሙ ብቻውን ማስረጃ ባይሆንም፣ ሁለቱን ሰነዶች አብረን እንድናነብባቸው ያስታውሰናል። የመጀመሪያው ወላጆች የልጆቻቸው ቀዳሚ መምህራን መሆናቸውንና የካቶሊክ ትምህርት ቤት በወንጌል የነጻነትና የፍቅር መንፈስ የተሞላ ማኅበር ሊሆን እንደሚገባው ያስተምራል። ሁለተኛው ደግሞ በሌሎች ሃይማኖቶች ውስጥ ያለውን እውነተኛና ቅዱስ ነገር ቤተ ክርስቲያን እንደማትንቅ ይገልጻል፤ ሙስሊሞችንም በአክብሮት ይመለከታል።

እኛ የምንተዳደርበት የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖናም፣ እ.ኤ.አ. በ1990 የታወጀው፣ በቀኖና 634 ይህንኑ የነጻነትና የፍቅር መንፈስ ይጠይቃል፤ በትምህርት ቤቱ የሚማሩት አብዛኞቹ ካቶሊካውያን ካልሆኑም አሠራሩ ከሁኔታው ጋር እንዲስማማ ያዝዛል። ስለ ካቶሊክ ትምህርት ቤት ሃይማኖታዊ ገጽታ እ.ኤ.አ. በ1988 ከቅድስት መንበር የወጣው ሰነድ ደግሞ አንድ ጠቃሚ ልዩነት ያሳያል። ስለ ሃይማኖት ማሳወቅ ሌላ፣ ምእመኑን በእምነቱ ለማጽናት የሚሰጠው ትምህርተ ክርስቶስ ሌላ ነው። ፊተኛው ለዕውቀት ነው፤ ሁለተኛው የአማኝን ልብ ይጠይቃል። ሁለቱን የሚያደባልቅ መምህር ሁለቱንም ያበላሻል።

የአገራችን ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲካሄድ ይደነግጋል። በአንቀጽ 27 ደግሞ ወላጆች ልጆቻቸውን በእምነታቸው መሠረት የማሳደግ መብት እንዳላቸው ያረጋግጣል። አንዳንድ ሰዎች የመጀመሪያውን አንቀጽ ሲያነብቡ ለካቶሊክ ትምህርት ቤት የቀረለት ነገር ያለ አይመስላቸውም። እኛ ግን እንዲህ እናስተውለዋለን፤ የመደበኛው ክፍለ ጊዜ የመንግሥቱ ሥርዓተ ትምህርት ነው፤ ትምህርተ ክርስቶስ ከዚያ ውጭ፣ በፈቃድ ለሚመጡት ይሰጣል። የትምህርት ቤቱ ክርስቲያናዊነት ግን በሁለቱም ሰዓት ይታያል፤ መምህሩ ለሰነፉ ተማሪ በሚያሳየው ትዕግሥት፣ በፈተና እርማት ትክክለኛነት፣ በዘበኛውና በጽዳት ሠራተኛዋ አያያዝ ይታያል።

፬. የተማሪውን እምነት መደገፍ ማለት ምን ማለት ነው?

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። ከሸሕዲ የመጡ አንድ ሙስሊም አባት ልጃቸውን ሊያስመዘግቡ ቀርበው የትምህርት ቤቱን ኃላፊ እኅት፣ «ሲስተር፣ ልጄን የሰጠኋችሁ ለትምህርት ነው። ሃይማኖቱን ትነኩበት ይሆን?» ብለው ቢጠይቁ ምን ይመለስላቸዋል? «አይዞዎት፣ ስለ ሃይማኖት እዚህ አናነሣም» ቢባሉ መልሱ ጎዶሎ ነው፤ እውነትም አይደለም። የሚገባው መልስ ይህን የመሰለ ነው፤ «አባቴ፣ ልጅዎ እዚህ እግዚአብሔርን እንዲረሳ አንፈልግም። መስቀል በግድግዳችን ላይ ያያል፤ እኛም ክርስቲያኖች መሆናችንን አንደብቅም። ነገር ግን ከቤቱ ይዞት የመጣውን ጸሎትና ጾም እንዲያከብር እንረዳዋለን፤ ዓርብ ወደ ጸሎቱ ሲሄድ ጊዜ እንሰጠዋለን፤ ያለ እርስዎ ፈቃድና ያለ እርሱ ፈቃድ ወደ ትምህርተ ክርስቶስ አናስገባውም። በዚህ ካጎደልን መጥተው ይውቀሱን።» አባትየው እንዲህ ያለ መልስ ሲሰሙ ትምህርት ቤቱ እምነት እንዳለው ያውቃሉ፤ እምነት ያለው ሰው ደግሞ የሌላውን እምነት እንደሚያከብር ይረዳሉ።

ለኦርቶዶክስ ተማሪም እንዲሁ ነው። የንስሐ አባቱን እንዲያከብር፣ በጾም ወራት ሥርዓቱን እንዲጠብቅ፣ በቤተ ክርስቲያኑ እንዲያገለግል ይበረታታል። ብዙ የምንጋራው ሀብት አለን፤ የግእዙ ቅዳሴ፣ የእመቤታችን ፍቅር፣ ጾሙና በዓሉ የጋራችን ነው። ይህን የጋራ ሀብት ለመጠላለፊያ ልናውለው አይገባም።

ካቶሊካዊው ተማሪስ? እርሱ ብዙ ጊዜ በክፍሉ ውስጥ ብቻውን ወይም ከጥቂቶች አንዱ ነው። ጥቂት መሆን ሁለት ፈተና ያመጣል፤ ማፈር እና መኩራራት። የሚያፍረው እምነቱን ይደብቃል፤ የሚኩራራው በትምህርት ቤቱ ባለቤትነት ይመካል። ለሁለቱም መድኃኒቱ የታነጸ ዕውቀት ነው። የአሥራ ስድስት ዓመት ወጣት ለመጀመሪያ ቁርባን በልጅነቱ ባጠናው ጥያቄና መልስ ብቻ ሊኖር አይችልም። በፊዚክስ የሁለተኛ ደረጃ ዕውቀት፣ በእምነት ግን የአንደኛ ክፍል ዕውቀት ያለው ወጣት የመጀመሪያው ጥያቄ ሲመጣበት እምነቱን እንደ ጠበበው የልጅነት ልብስ አውልቆ ይጥላል። ስለዚህ ቁምስናውና ትምህርት ቤቱ ተስማምተው በየሳምንቱ ለዕድሜው የሚመጥን ትምህርተ ክርስቶስ፣ ምስጢረ ንስሐ የሚቀበልበት ሰዓትና በቅዳሴ የሚያገለግልበት ቦታ ሊያዘጋጁለት ይገባል።

፭. ትምህርቱ ራሱ የእምነት ጉዳይ ነው

እስካሁን ስለ እምነት ተናገርን። አሁን ደግሞ ወደ ጥናቱ እንመለስ፤ ምክንያቱም ትምህርቱ በሐሰት የሚሰጥ ከሆነ እምነቱ የሚቆምበት መሠረት አይኖረውም።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ኩረጃንና የፈተና ስርቆትን ለመከላከል ሲባል ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ገብተው የተፈተኑበት የመጀመሪያው ፈተና ነው። ከግማሽ በላይ ነጥብ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆነ። ከዚህ ቁጥር ጀርባ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶች አሉ። ለውጤቱ ማነስ የመምህር፣ የመጽሐፍና የሰላም እጦት ምክንያት እንደሚሆን አይካድም። ነገር ግን ለዓመታት በኩረጃ ያለፍነውን ያህል ሳናውቅ መቅረታችንንም አሳይቶናል።

በሃይማኖት ትምህርት ሰዓት ስለ እውነት የሚሰብክ፣ በፈተና ሰዓት ግን ኩረጃውን እንዳላየ የሚያልፍ ትምህርት ቤት ተማሪውን በተግባር ያስተማረው እግዚአብሔር በፈተና አዳራሽ እንደሌለ ነው። ስለዚህ የካቶሊክ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ሃይማኖታዊ ተግባር የማይኮረጅበት ክፍል ማዘጋጀት ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ፈተና ሲቃረብ ተማሪዎቻችን ስእለት ይሳላሉ፤ ጸበል ይጠጣሉ፤ ሙስሊሙም ዱዓ ያደርጋል። ይህ አይነቀፍም፤ ልጅ አባቱን መለመኑ ነውና። ዳሩ ግን ስእለት የጥናትን ቦታ አይተካም። ዘር ያልዘራ ገበሬ ዝናብ እንዲሰጠው ቢለምን፣ ዝናቡ የሚያበቅልለት አረም ነው። መምህሩ ይህን በፌዝ ሳይሆን በፍቅር ሊያስረዳ ይገባል፦ ጸልይ፤ ጸሎትህም ተረጋግተህ እንድታጠና ኃይል ይስጥህ።

እንዲሁም በሳይንስ ክፍለ ጊዜ የሚነሣ ጥያቄ መፈራት የለበትም። ተማሪው በባዮሎጂ መጽሐፉ ስለ ዘር ውርስ የሚያነብበው ግሬጎር ሜንዴል የአውግስጢኖስ ማኅበር መነኩሴ ነበር፤ በገዳሙ የአትክልት ቦታ አተር እየዘራ ያገኘውን ውጤት እ.ኤ.አ. በ1866 አሳተመ። ጽንፈ ዓለም እየሰፋ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1927 የጻፈው ዦርዥ ለሜትር የቤልጅግ ካቶሊካዊ ካህን ነበር። እነዚህ ሰዎች በጸሎት ቤትና በቤተ ሙከራ የተለያየ አምላክ አልነበራቸውም። ይህን የሚያውቅ ተማሪ ዕውቀት ባገኘ ቁጥር እምነቴን እከስራለሁ ብሎ አይሰጋም።

፮. ከሸሕዲ ለሚመጣው ልጅ ምን እናድርግ?

ከላይ የተባለው ሁሉ በሥራ ካልተተረጎመ ከንቱ ነው። የቆላው ልጅ ኑሮ የሚጠይቀን አንዳንድ ነገሮች እነሆ።

1ኛ. ዘግይቶ የሚመጣውን መቀበል። በሰሊጥ አጨዳ ምክንያት እስከ ኅዳር የሚቀር ተማሪ ስሙ ከመዝገብ ከመሠረዙ በፊት ወላጁ ይጠየቅ፤ ሲመጣም የማካካሻ ትምህርት ይዘጋጅለት። በወባ የታመመውም እንዲሁ።

2ኛ. የተቋረጠበትን ማስታወስ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣም ብዙ ስደተኞችና ተመላሾች በመተማ በኩል ገብተዋል። ስለዚህ በዕድሜ የገፋ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ቢመጣ ሊሳቅበት አይገባም። የጠፋበት ዓመት የእርሱ ጥፋት አይደለም። አይቶት የመጣው ነገርም ምናልባት ከመምህሩ በላይ ሊሆን ይችላል፤ የሚሰማው ሰው ያስፈልገዋል።

3ኛ. የተከራየባትን ክፍል ማወቅ። ከገጠር የሚመጣ ተማሪ ብዙ ጊዜ ከጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ ከቤቱ ባመጣው ስንቅ ራሱን እያበሰለ ይማራል። ስንቁ ሲያልቅ ትምህርቱም ያልቃል። በተለይ ሴት ልጆች ለአደጋ የተጋለጡ ናቸው። የቁምስናው ምእመናንና የትምህርት ቤቱ መምህራን እነዚህን ቤቶች ይወቁ፤ ይጎብኙም። ቤተ መጻሕፍቱም መብራት ለሌለው ተማሪ እስከ ምሽት ክፍት ይሁን።

4ኛ. ከተማሪው ጥያቄ መጀመር። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ፊልጶስ ኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ በምድረ በዳው መንገድ ባገኘው ጊዜ ስብከቱን አላስቀደመም። ሰውየው የሚያነብበውን ሰማ፤ ይገባው እንደሆነ ጠየቀው፤ ሲጋበዝ ወጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ። መምህርም ተማሪው ከሚያነብበው ይጀምር፤ ሳይጋበዝ ወደ ልቡ አይግባ፤ ሲጋበዝ ግን አጠገቡ ለመቀመጥ አይታክት።

5ኛ. የወደቀውን መልሶ መጥራት። የፈተና ውጤት ሲወጣ ያለፉትን በሰልፍ ማመስገን መልካም ነው። ያላለፉትን ግን አንድ በአንድ ጠርቶ ማነጋገር ከዚያ ይበልጣል። «እግዚአብሔር ትቶኛል» ለሚለው ወጣት ውጤቱ የአንድ ፈተና ፍርድ እንጂ የሕይወቱ ፍርድ እንዳልሆነ የሚነግረው፣ የሚቀጥለውንም መንገድ የሚያሳየው ሰው ያስፈልገዋል። የተማሪ እምነት ከሚጠፋባቸው ቀናት አንዱ ይህ ቀን ነው፤ ትምህርት ቤቱም በእውነት ካቶሊካዊ መሆኑ የሚታወቀው በዚህ ቀን ነው።

ማጠቃለያ

ሰሊጥ ቀን አይሰጥም ብለን ጀምረን ነበር። የረገፈ ሰሊጥ አይለቀምም። የሰው ልጅ ግን እንዲህ አይደለም፤ እግዚአብሔር ለሰው ቀን ይሰጣል፤ ደጋግሞም ይሰጣል። ለዘገየው፣ ለወደቀው፣ ለተጠራጠረው ወጣት ያንን ቀን የሚሰጡት ግን ብዙ ጊዜ በእግዚአብሔር ስም የቆሙ ሰዎች ናቸው፤ እነርሱም ወላጅ፣ መምህርና ካህን ናቸው። የተማሪውን እምነት የምንደግፈው እውነቱን በማስተማር፣ ኅሊናውን በማክበር፣ በጭንቁም ቀን ባለመተው ነው። ከሸሕዲ የተላከልን ልጅ የእኛ ንብረት ሳይሆን አደራችን ነው፤ አደራ ደግሞ እንደተሰጠ ይመለሳል፤ መልካም አደራ ጠባቂ ግን አሳድጎ ይመልሰዋል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ) በትምህርት ቤታችን የሚማሩ የሌላ እምነት ተማሪዎች ጸሎታቸውንና ጾማቸውን ለመጠበቅ ምን ይቸግራቸዋል? ጠይቀናቸው እናውቃለን?

ለ) የካቶሊካውያን ወጣቶቻችን የእምነት ዕውቀት ከክፍላቸው ደረጃ ጋር ይመጣጠናልን?

ሐ) ኩረጃን በተመለከተ ወላጆች፣ መምህራንና ተማሪዎች ምን ቃል ልንገባ እንችላለን?

መ) በቁምስናችን አካባቢ ቤት ተከራይተው የሚማሩ የገጠር ልጆች እነማን ናቸው? በዚህ ወር ከመካከላችን ማን ይጎበኛቸዋል?

የጥበብ ሁሉ ምንጭ የሆነ አምላክ ልጆቻችንን በጥበብና በሞገስ ያሳድግልን፤ አሜን።